የአርባ አህያ ዜሮ

«ዜሮ!» ብሎ ጮኸ ፉአድ፣ የመጨረሻውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ እየመታ። «ሶረቲ፣ አርባ አህያ! ከአርባው አንድም የለም! ሰማሽኝ?»

የአባቱ ሱቅ ውስጥ፣ ከስኳር ጆንያዎቹ ጀርባ ነበሩ። ሶረቲ ወረቀቶቹን ነጠቀችውና እንደገና ቆጠረች። ከነቀምቴ ገበያ አሥራ ስድስት፣ ከዲጋ አሥራ አራት፣ ከቢላ አሥር። እባጭ ነበረባት ወይ ለሚለው ጥያቄ ሁሉም ላይ ምልክቱ ያረፈው «አልነበረም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ነው። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በገበያ ጭቃ የተንከራተቱት ለዚህ ነበር።

«አቦ፣ በቃ ፈነዳን!» አለች በደስታ፤ ድምፅዋ ሱቁ ደጃፍ ድረስ ተሰማ።

ነገሩን ያመጡት የባዮሎጂ መምህራቸው ማስተዋል ናቸው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እንዲህ አሉ፦ ካንሰር ከአንድ ሴል ይጀምራል። ሴል ሲባዛ በውስጡ ያለውን ረጅም ጽሑፍ፣ ጂኖሙን፣ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ፊደል ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት ምንም አያመጣም። አንዳንዱ ግን ሴሉን ከጎረቤቶቹ ቀድሞ እንዲባዛ ያደርገዋል። የዚያ ሴል ልጆች በዚያ ላይ ሌላ ስህተት ይጨምራሉ፣ ከመካከላቸው ፈጣኑ ሌላውን አልፎ ይሄዳል። «እንግዲህ ዝሆን ከእኛ እጅግ የበዛ ሴል አለው። ብዙ መገልበጥ፣ ብዙ ስህተት። ታዲያ ዝሆን ለምን በካንሰር አላለቀም?»

ደወሉ ተደወለ። ሌላው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲሮጥ ሶረቲ ከወንበሯ አልተነሣችም። መምህር ማስተዋል ሳቁና ነገሯት። የተበላሸ ሴልን የሚያስቆም አንድ ጂን አለ፤ ሰው አንድ ጥንድ ሲኖረው ዝሆን ሃያ ጥንድ ገደማ አለው።

«የሌሎቹ እንስሳትስ?»

«የብዙዎቹ ገና እየተፈለገ ነው።»

ገና እየተፈለገ ነው! ሶረቲ ያን ቀን ባኬ ጃማ ሰፈር እስካለው ቤቷ ድረስ ስትሄድ መንገዱን አላየችውም። እስከዚያ ቀን ድረስ የሳይንስ ነገር ሁሉ ተፈልጎ ያለቀ፣ ለእሷ የቀረው መሸምደድ ብቻ ይመስላት ነበር።

ነቀምቴ ዝሆን የላትም። በሬ፣ ውሻና አህያ ግን ሞልቷታል። የቄራው ሥጋ መርማሪ መዝገቡን ከፈተላቸው፦ ከ1140 የቀንድ ከብት ዘጠኙ ላይ እባጭ ተገኝቷል፣ አብዛኛው ዓይንና ቀንድ አካባቢ። የእንስሳት ክሊኒኩ ደግሞ ከ85 ውሻ አሥራ አንዱን መዝግቧል። ትንሹ ውሻ ትልቁን በሬ በለጠ! በዚህ ላይ አሁን አህያ መጣች፦ ብዙ ዘመን የምትኖር፣ ስትለፋ የምትውል፣ ግን ዜሮ።

መምህር ማስተዋል ይህን ሲሰሙ እዚያው ቆመው ስልካቸውን አውጥተው ለሳይንስ ውድድሩ ዳኛ ደወሉ። ዶክተር ንጋት የሚባሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንስሳትን ጂኖም የሚያነጻጽሩ ተመራማሪ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ዳኛ ሆነው ይመጣሉ። ያሸነፉት ሁለት ተማሪዎች ክረምቱን በእሳቸው ላቦራቶሪ ያሳልፋሉ። ሶረቲ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳትም። አምና ለውድድሩ የቀረበውን የውኃ ማጣሪያ የሠራችው እሷ ሆና ሳለ ሰርተፍኬቱን የተቀበለው የክፍል አለቃው ነበር፤ እሱ ሲጨበጨብለት እሷ ወንበር ትደረድር ነበር። ይቅርታ ያላትም የለም። ዘንድሮ ግን ስሟ ለውድድሩ ባዘጋጁት ትልቅ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል።

በውድድሩ ጠዋት ሰሌዳው ባጃጅ ውስጥ አልገባ አለ። ሙሉ ኮምፔንሳቶ ነው። ፉአድ ሮጦ የጋሪ ነጂውን ኦቦ ቢራቱን ጠራ።

«አካም ቡልታኒ፣ ኦቦ?» አለች ሶረቲ፣ እንዴት አደሩ ለማለት።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ደህና። ያዙልኝ እስቲ በዚያ በኩል።»

ሰሌዳውን ጋሪው ላይ አስረው ዳገቱን ጀመሩ። ኦቦ ቢራቱ እንግሊዝኛውን ባያነቡትም ቁጥሩን ያያሉ። ግማሽ መንገድ ላይ በአገጫቸው አመለከቱ። «አርባ ይላል። ከዚያ ዜሮ። የምን ዜሮ ነው?»

«አህያ ካንሰር አይዛትም ማለት ነው፣ ኦቦ!» አለ ፉአድ። «እርስዎም አሉበት፣ ከአርባዎቹ አንዱ ነዎት። ታዋቂ ሆኑ በቃ!»

«እኔ?»

«እኔ ነኝ የጠየቅኩዎት» አለች ሶረቲ። «የፊተኛዋ አህያዎ ስትሞት ሆዷ ውስጥ እባጭ ነበረ ወይ ብዬ። አልነበረም አሉኝ።»

ኦቦ ቢራቱ ጋሪውን አቆሙ። «ኢንታሎ፣ ልጄ፣ ሆዷን ማን ከፈተው?»

ሶረቲ ወደ ፉአድ ዞረች።

«የሞተ አህያ ምን እንደሚደረግ አታውቂም? በገመድ ጎትተን ከከተማ ውጭ እንጥላለን። ቢላዋውን የሚያስነካ ሰው የለም፣ ስሙ ይጠፋል። የከፈታት ዋራቤሳ ነው፣ ጅብ! ጅብ ደግሞ ፎርም አይሞላም።»

ፉአድ በሳቅ ፈነዳ። የሶረቲን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን አቋረጠ።

«ታዲያ ለምን አልነበረም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ? ወረቀትሽን ይዘሽ፣ እየቸኮልሽ፣ ነበረ ወይስ አልነበረም አልሽኝ። አላየሁማ! አላየሁም የሚል ቦታ ነበረሽ?»

አልነበራትም። ፎርሙን ያዘጋጀችው ራሷ ናት፤ ሁለት ሳጥን፣ በማስመሪያ፣ አሳምራ። አርባውም ሰው ያላየውን ነገር አልነበረም ብሎላታል።

«ደግሞ የውስጡን ብቻ ጠየቅሽ» አሉ ኦቦ ቢራቱ። አሁን ድምፃቸው ሻከር ብሏል። «ሃያ ስድስት ዓመት አህያ ነድቻለሁ። የእንስሳት ሐኪም ይመጣል፣ አስተማሪ ይመጣል፣ ተማሪ ይመጣል። ምን አየህ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ሁሉም ጽፎ የመጣውን አንብቦልኝ ይሄዳል። ነይ ወዲህ።»

ጎንበስ ብለው የአህያዋን የፊት እግር አነሡ። ብብቷ ሥር ሎሚ የሚያህል፣ ጠጉር ያልበቀለበት፣ ሸካራ እባጭ ነበር።

«ሦስት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ባቄላ ታህል ነበር። ካንሰር ይሁን ኪንታሮት እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

ሶረቲ እጇን ዘረጋች። ጠንካራና ሙቅ ነው። አህያዋ ቆዳዋን አርገበገበች እንጂ አልራገጠችም። እዚህ፣ ጣቶቿ ሥር፣ ምናልባት አንድ ሴል አንድ ቀን አንድ ፊደል ስቶ፣ ከዚያ ልጆቹ ሌላ እየሳቱ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ… ከድንጋጤዋ መካከል ያ የመጀመሪያ ቀን ስሜት ተመልሶ መጣ። ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአህያ ብብት!

«ፉአድ፣ ንካው! ንካው እስቲ!»

«አልነካም» አለ ፉአድ። ወደ ዳር ሳባትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ነገሩን አታካብጂ። አንድ ሰዓት ነው የቀረን። ዜሮውን ካጠፋን ምን ቀረን? በሬና ውሻ! እሱንማ ማንም ይሠራዋል። ዶክተሯ የምትመጣው ለዜሮው ነው።»

«አልተከፈቱም እኮ።»

«እሷም አህያ ከፍታ አታውቅም። ማን ይነግራታል? እሳቸው?»

ወደ ኦቦ ቢራቱ ዞሮ አየ። ሶረቲ ያን አስተያየት አወቀችው፤ አምና ወንበር ስትደረድር ሰዎች ወደ እሷ ያዩበት ዓይን ነው። ግን ስለ ላቦራቶሪው አሰበች። ሰሌዳውን እንደነበረ፣ ከነዜሮው፣ አዳራሹ ውስጥ አቆሙት።

ዶክተር ንጋት አጭር፣ ፈጣን፣ የሸራ ጫማ ያደረጉ ሴት ነበሩ። መምህር ማስተዋል ከኋላቸው እየተከተሉ ከሌሎቹ ሰሌዳዎች ሁሉ አሳልፈው በቀጥታ አመጧቸው።

«ይኸውልዎ ልጆቼ!»

«አርባ!» አሉ ዶክተሯ። ፊታቸው በራ። «በአህያ ላይ ይህን ያህል መረጃ እኔ ራሴ የለኝም። ማነው ሐሳቡን ያመጣው?»

«እሷ ናት!» አለ ፉአድ፣ ትከሻዋን ገፋ አድርጎ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር። ዙሪያውን የቆሙት ተማሪዎች አጨበጨቡ። ሶረቲ ጭብጨባ በራሷ ስም ሲጨበጨብ ሰምታ አታውቅም፤ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። እንዲያልቅ አልፈለገችም።

ዶክተር ንጋት ማስታወሻ ደብተራቸውን ገልጠው እስክሪብቶ አወጡ። «አርባ ታይተው፣ የተገኘባቸው ዜሮ። ትክክል ነኝ?»

ፉአድ «አዎ» አለ።

እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ።

«አይጻፉት» አለች ሶረቲ።

ጭብጨባው ገና ሙሉ በሙሉ አልበረደም ነበር፤ ስለዚህ ደግማ መናገር ነበረባት። «ዶክተር፣ እባክዎ አይጻፉት። አርባው አልታዩም። እኛ አገር የሞተ አህያ አይከፈትም። እኔ ደግሞ አላየሁም የሚል ሳጥን አላዘጋጀሁም።»

የመምህር ማስተዋል ፈገግታ ፊታቸው ላይ ቀረ፤ ዓይናቸው ግን ወለሉን አየ። አንድ ሰው ከኋላ «ዋይ!» አለ። ዶክተሯ አልተቆጡም፣ አልሳቁምም። እስክሪብቶውን እንደያዙ ጠበቁ።

«ታዲያ ስንት ታይቷል?»

«አንድ» አለች ሶረቲ። «ዛሬ ጠዋት። ከውጭ ብቻ። ኦቦ ቢራቱ የሚባሉ ጋሪ ነጂ አሳዩኝ። ብብቷ ሥር እባጭ አለ፣ ሦስት ዓመት አድጓል። ምን እንደሆነ ገና አላወቅንም።»

ከጠረጴዛው ላይ ወፍራሙን ማርከር አነሣች። አርባውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከጎኑ 1 ጻፈች። ዜሮውንም ሰርዛ በቦታው የጥያቄ ምልክት አደረገች። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ጭቃ፣ አሁን አንድ አህያና አንድ ጥያቄ ሆኖ ሰሌዳው ላይ ቀረ።

ፉአድን ለማየት ፈራች። ከጎኗ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማችው። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብሎ ራሱን አዘነበለ።

«አድምቂው እንጂ» አላት፣ እንደተቆጣ። «ከኋላ ያሉት የጥያቄ ምልክቱን አያዩትም።»