የጨዉ ቀን ሪፖርት

«ግሩም ነው» የሚለው ቃል ያንገሸገሸኝ ወር ነበር።

አክስቴ ከከተማው ዳር ባለችው ትንሽ ፋብሪካዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሎሚ ሽሮፕ ብቻ ስትሸጥ ኖራለች። የፋብሪካው ቀማሚ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ለፍቼ አንድ አዲስ የመጠጥ ማጣፈጫ ሠራሁ። ብርቱካንና ዝንጅብል ነው፤ ውሃም ይሁን ሻይ ላይ ሦስት ጠብታ ጠብ ማድረግ ይበቃል። አክስቴ ቀመሰችው፣ ከዚያ ፈረደች።

«ከወንዙ ማዶ ያለው ከተማ ላይ እንሞክረው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሃያ ሱቅ ከተቀበለው ይቀጥላል። ካልሆነ ግን፣ የኔ ልጅ፣ ወደ ሎሚያችን እንመለሳለን፤ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

ገበያውን እያጠና እንዲሸጥልን አንድ ሰው ቀጠረች። ረዘም ያለ፣ ጫማው አቧራ የማያጣው፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ወጣት ነበር። በፋብሪካችን ሻጭ ያልቀመሰውን አይሸጥም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ናሙናውን ይጠጣል፣ መዝገቡ ላይ «ቀምሻለሁ» ብሎ ይፈርማል።

«እንዴት ነው?» እለዋለሁ።

«ግሩም ነው!»

ዝንጅብሉን ብቀንስም ግሩም ነው፤ ብርቱካኑን ብጨምርም ግሩም ነው። ጠርሙስ አጣቢዎቹ ስሙን ትተው «ግሩም ነው መጣ! ግሩም ነው ሄደ!» ይሉት ጀመር። እኔ እበሽቃለሁ። አፈ ቅቤ ሰው ድሮም አልወድም።

ከገበያ ጽፎ የሚያመጣልን ሪፖርት ግን ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል ነበር።

«ፀጉር አስተካካዩ፦ ጠጣና መቀሱን አስቀመጠ። ደንበኛው ግማሽ ራሱ ተቆርጦ እየጠበቀ ሁለተኛ ብርጭቆ ጠየቀኝ። ጡረተኛው መምህር፦ አልተናገረም፤ ቅንድቡ ግን ሰባት ከአሥር ሰጠን። ልብስ ሰፊዋ፦ ‹ምንም አይልም› አለችኝ፤ ብርጭቆውን ግን እስካሁን አልመለሰችም።»

እንዲህ ሰውን የሚያይ ሰው እኔ ዘንድ ሲመጣ ለምን አንድ ቃል ብቻ እንደሚኖረው አልገባ አለኝ። ቢሆንም ሪፖርቱን መጠበቅ ጀመርኩ። አንዴ ለሥራ አነበዋለሁ፤ ሁለተኛውን ለራሴ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላም በግራ እጄ የልብስ ሰፊዋን ወሬ ይዤ እየሳቅሁ፣ በቀኜ የማግስቱን ናሙና ስቀምም ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት መጣ፣ ጠጣ፣ «ግሩም ነው!» አለ፣ ፈርሞ ሄደ።

ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ሳጥኑን ተሸክሞ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። አክስቴ ከእኔ ጋር ቆማ ነበር።

«ዛሬ አሥራ አንድ ሰው አስተፋሁ» አለ። «ከተቀበሉን አሥራ አራት ሱቆች አራቱ ‹ውሰዱልን፣ አንፈልግም› አሉ።»

ከጠርሙሱ ጠብ አድርጌ ቀመስኩት። ጨው ነው! ጨው ብቻ!

«ጠዋት ቀምሰሃል?» አለችው አክስቴ።

«ፈርሜያለሁ፣ እትዬ።»

«ፈርመሃል ወይ አላልኩህም። ቀምሰሃል ወይ?»

ሳጥኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ካስቀመጠው በኋላም ቀና አላለም።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ እትዬ። ታምሜ ስነሳ ማሽተትም መቅመስም አብረው ሄዱ። ውሃና ሽሮፕ አይለዩልኝም። የምሸጠው ሰው ሲጠጣ ፊቱን እያየሁ ነው። ብነግርዎ ማን ይቀጥረኛል ብዬ ዋሸሁ። ይቅርታ።»

ክው አልኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነበር፤ ያ ሁሉ ግሩም ነው ባዶ ነበር ማለት ነው! ንዴቴ ሳይበርድ ደግሞ አንጀቴን በላው። የብርቱካን ልጣጭ ሽታ በሞላው ክፍል ውስጥ በየቀኑ እየቆመ ምንም አይሸተውም ነበር።

«የቢሮውን ቁልፍ አስረክበህ ሂድ» አለች አክስቴ።

ሳጥኑን ትቶ ቁልፉን ሊያመጣ ወጣ። ያን ጊዜ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ሁለት አንድ ዓይነት ጣሳዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንደኛው መጠጡ ላይ የምጨምረው ማኮምጠጫ ነጭ ዱቄት ነው፣ ሁለተኛው ለምሳችን ያኖርነው ጨው። የጨዉ ጣሳ ክዳኑ ተከፍቷል፤ የእኔ ማንኪያም ውስጡ ቆሟል።

«አክስቴ፣ ጨዉን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ? አንድ ጠብታ የማትስቺው?»

«ሪፖርቱን እያነበብኩ ነበር።»

«የትኛውን?»

«የልብስ ሰፊዋን። ብርጭቆውን ያልመለሰችውን።»

«አንብበሽው አልነበር እንዴ?»

«ለ… ለሦስተኛ ጊዜ ነበር።»

አክስቴ መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ ልጅ፣ የምታነቢው ሪፖርቱን ነው ወይስ ጸሐፊውን?»

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ደግሞም የፈራሁት አልቀረም፤ ዘወር ስል ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ዓይኔን ለማየት አፈረ፣ እኔም የሱን። መሬቱን አብረን አየነው።

«‹ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ› ይባላል» አለች አክስቴ። «የናንተው ያለ ቦታው ጣፈጠ። በሉ፣ ነገ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። እሷ ትቅመስ፣ አንተ ፊት አንብብ። በየሱቁ ይቅርታ ጠይቁ። አሥር ቀን ነው ያላችሁ!»

በማግስቱ ከወንዙ ማዶ መንገዱ ላይ ገና ብቅ ስንል ፀጉር አስተካካዩ «የጨው ሰዎች መጡ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ከየሱቁ ወጣ። ያስተፋናቸው አሥራ አንዱ ለሰፈሩ አውርተው ኖሮ፣ ያልቀመሰው ሁሉ ‹ምን ቀረብን?› ብሏል።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «መጀመሪያ አንቺ ጠጪ!» አለችኝ።

ሰው ከብቦኝ ጠጣሁ። እሱ የልብስ ሰፊዋን ፊት ማንበብ ሲገባው የእኔን ያነብ ነበር። ሳቄ መጣ፤ ዝንጅብሉ ትን አለኝ፤ መንገዱ ሁሉ ሳቀ።

«ምን አየህ?» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«አሥር ከአሥር» አለ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ።

ያን ዕለት አኩርፈው የነበሩት አራቱ ሱቆች ተመለሱ። በዘጠነኛው ቀን ሃያ ሦስት ደረስን። የጨዉ ወሬ እንዲህ እንደሚሸጥልን ማን ያውቅ ነበር!

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፀሐይዋ ጉልበታችን ላይ ነበረች። ካርቶኑ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ብርጭቆ ሰጠኝ።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ምን ይላል?»

ጠጣሁ። ለማንም እንዲህ አስረድቼ አላውቅም።

«መጀመሪያ ብርቱካን ብርቱካን ይላል፤ አሁን የተላጠ፣ ጣት ላይ የሚቀር። ከዚያ ምላስህን ቆንጠጥ ያደርግና ይተውሃል። ጉሮሮህ ጋ ሲደርስ ይሞቃል። ብርድ ቀን ቤት ገብተህ ሰው ‹ና ተቀመጥ› ሲልህ እንደሚሰማህ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ጉሮሮው ሲውጥ አየሁ።

«ግሩም ነው» አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አመንኩት።

«ዕድሜ ልክሽን እንዲህ ትነግሪኛለሽ?» አለኝ ቆይቶ።

«መዝገብ ላይ ትፈርማለህ?»

«እፈርማለሁ።»

«ሳትቀምስ?»

«ፊትሽን አንብቤ።»

ከስድስት ወር በኋላ ፈረምን። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሴን ሰፍታ፣ ያቺን ብርጭቆ በመጨረሻ መለሰች። አክስቴ በእሷው ቀድታ ለሙሽራው ሰጠችውና «እንዴት ነው?» አለችው።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ ምን ምን እንደሚል ነገርኩት።