ከውጭ የተቀረቀረው ምድር ቤት

አንተስ፣ በርህ ሲንኳኳ ትንፋሽህን ውጠህ ታውቃለህ? መብራት አጥፍተህ፣ መጋረጃ ስበህ፣ በገዛ ቤትህ እንደ ሌባ አድፍጠህ? ካላወቅህ በዎርስቢ ከተማ ሰዎች ላይ ለመፍረድ አትቸኩል።

ኔቪል ክራግሾ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ወገቡ እስኪከዳው ድረስ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ድጎማ ይኖራል። በየካቲት ወር ዓርብ ጠዋት በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከደረጃው ግርጌ ሞቶ ተገኘ። የምድር ቤቱ በር በወጥ ቤቱ በኩል ተቀርቅሯል። ሳሎን የነበረው ቴሌቪዥን የለም። ከፊት ለፊቱ በር ሥር የባለዕዳዎችን ዕቃ የሚወስደው የዕዳ አስፈጻሚ ካርድ ወድቋል። ፖሊስ ሦስቱን ደምሮ ዘረፋና ግድያ ነው አለ፤ የዕዳ አስፈጻሚውንም ስም በማስታወሻው ላይ አሰመረበት።

የሰዎችን አሟሟት የሚያጣራው ዳኛ መርማሪ ሂልዳ ኦልድሮይድ ግን መደመር የምትጀምረው ከታች ነበር። ችሎቱ ማክሰኞ ይከፈታል፤ ኔቪል እንዴትና ለምን እንደሞተ የሚጻፈው በዚያ ነው። የእጅ ባትሪዋን ይዛ ከፖሊሱ ሳጅን ጋር ምድር ቤት ወረደች። ቴሌቪዥኑ እዚያው ነበር፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ከጎኑ የምግብ ማሞቂያው፣ ኔቪል በከተማው ባንድ የሚነፋት ጥሩምባም ከነሣጥኗ።

«ሳጅን፣ ሌባ የሰረቀውን ቴሌቪዥን ብርድ ልብስ አልብሶ ለባለቤቱ ይተዋል?» አለች።

ሳጅኑ ጭንቅላቱን አከከ። «ጨዋ ሌባ ይሆናላ።»

በአትክልት ቦታ ወንበር ላይ ትራስ ተቀምጧል። ከሥሩ ግማሽ ሻይ ያለበት ፔርሙስ። ገለበጠችው፤ ቂጡ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም «4» የሚል ቁጥር ተጽፏል። የኔቪል የጓሮ በር ቁልፍ በራሱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ የጓሮው በር ግን ከውጭ ተቆልፏል። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደግሞ የመመታት ምልክት አላገኘም። «ልቡ ደካማ ነበር፤ ብርዱ ጨረሰው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ። ሐሙስ ማታ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ ከእርስዎ ጋር ያወራ ነበር» አላት።

ዕዳ አስፈጻሚው ዳረን ሎክ ግዙፍ ሰው ነው፤ ወንበሩ ላይ ግን እንደ ተማሪ ተኮራምቶ ተቀመጠ።

«ካልከፈቱልኝ አልገባም፤ ሕጉ ነው። የመንገዱ ሰው ሁሉ ሕጉን ያውቃል። ሕፃናቱ እንኳ በበሩ የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ “እማዬ የለሁም ብላለች” ይሉኛል።»

«ሐሙስስ?»

«ከጠዋቱ አራት ሰዓት አንኳኳሁ፤ መልስ የለም፤ ካርድ ጣልኩ። ከዚያ የጎረቤቱን፣ የዶሪን ባትሊን በር አንኳኳሁ። እሷ ፖስተኛ መስያት ከፈተች።»

«ገባህ?»

«ገባሁ። ዕቃዋን መዘገብኩ። እስከ ነገ ካልከፈለች እወስዳለሁ አልኳት።» ጫማውን አየ። «ልጄ የሚማረው እሷ የምትሠራበት ትምህርት ቤት ነው። ምሳውን የምታቀርብለት እሷ ናት።»

ሂልዳ ወደ ዶሪን ሄደች። ዶሪን ባሏ የሞተባት፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። ሻይ ሳትጠየቅ አቀረበች።

«ኔቪልን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው፣ ውዴ?»

«ረቡዕ። ሐሙስ ልጄ ዘንድ ሄጄ አደርኩ፤ ሌላ ከተማ ነው። ዓርብ ስመለስ ጠራሁት፣ መልስ የለም፤ ለፖሊስ ደወልኩ።»

«የቤቱ ቁልፍ አለሽ?»

«እዚህ የጎረቤቱን ቁልፍ የማይዝ ማን አለ?»

ከዶሪን ጀርባ መደርደሪያው ላይ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ያረጁ ፔርሙሶች ተጋድመው ተሰልፈዋል። ቂጣቸው ላይ የተጻፈው ቀይ ቁጥር ፊት ለፊት ይታያል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። ሂልዳ ሻይዋን ጠጥታ አመሰገነችና ወጣች።

የቀረው የኔቪል ወጥ ቤት ነበር። ሰውየው የባንዱ ጸሐፊ ስለነበር ሁሉን በቀን ይመዘግባል። ከግድግዳው ሰዓት ጀርባ አንድ ፖስታ ተሰክቷል፤ በጀርባው በጥንቃቄ እንዲህ ተጽፏል፦

«ጥቅምት 14። ማዘጋጃ ቤት፣ ሦስተኛው መስኮት፣ ጀኒስ። የጥቅል ድጎማውን ደብዳቤ አሳየኋት። የቤት ግብሩን ቅናሽ ጠየቅኩ። ሁሉም ተጠቃሏል፣ ሌላ የሚሞላ ቅጽ የለም አለችኝ። አመሰገንኩ።»

መንግሥት የድሆቹን የድሮ ድጎማዎች በአንድ እያጠቃለለ ነበር። ስሙንም ጥቅል አለው። ጥቅል ሲባል ሁሉም ገብቷል ብሎ የማያምን ማን ነው? አንድ ነገር ግን ውጭ ቀርቷል፤ ድሃው የቤት ግብሩን እንዳይከፍል የሚያደርገው ቅናሽ። ይህ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ የራሱ ማመልከቻ አለው። የድሮው ድጎማ ሲዘጋ ቅናሹም አብሮት ይዘጋል፤ ያላመለከተ ሰው ሙሉ ግብር ይጫንበታል፤ ከዚያ ዳረን ይላክበታል። ሰነፍ ብቻ ነው የሚሳሳተው የሚል ካለ ያን ፖስታ ያንብብ። ኔቪል ጠይቋል። የተሳሳተው የተነገረውን በማመኑ ነው።

ሰኞ ቀትር ላይ ሂልዳ አራት ሰዎች በኔቪል ወጥ ቤት ሰበሰበች፤ ዳረንን፣ ዶሪንን፣ የሦስተኛው መስኮት ጸሐፊ ጀኒስንና የግብር ክፍሉን ኃላፊ ጁሊያን ፔምብሪን። ፔምብሪ ካፖርቱን አላወለቀም።

«ዘረፋ አልነበረም» አለች ሂልዳ። «ዕቃውን ያወረደው ኔቪል ነው፤ አስፈጻሚው እንዳያየው። የሚገፈተር ሰው ደግሞ ትራስና ሻይ ይዞ አይወርድም፤ ለመጠበቅ ነው የወረደው። በሩን የቀረቀረው በጓሮው ወጥቶ የቆለፈ ሰው ነው። የኔቪል ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ቁልፍ ያለው ሰው ነው።» ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አራተኛው እዚህ ነው፣ ዶሪን።»

ዶሪን ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ድምፅዋ ከጣቶቿ መሃል ወጣ።

«ራሱ ነው ቀርቅሪብኝ ያለኝ። በሩ ከውጭ ከተቀረቀረ የቁም ሣጥን በር ይመስላል አለ። ባለፈው ይሄ ሰውዬ ቁልፍ ሠራተኛ ይዤ እመጣለሁ ብሎት ነበር።»

«ለማስፈራራት ነው» አለ ዳረን ቀስ ብሎ። «እንደዚያ የማድረግ መብት የለኝም።»

«መኪናህ ሲሄድ ልከፍትለት ነበር። ከዚያ እኔ ቤት ገባህ። ስትወጣ መኪናህ ከመንገዱ ጫፍ ቆሞ ቀረ፤ ብከፍት ታየናለህ ብዬ ፈራሁ። ገንዘብ ልበደር ወደ ልጄ ሮጥኩ፤ ቶሎ የምመለስ መስሎኝ። ከሥራ እስክትመጣ መሸ። አውቶቡሱ አለቀ።»

«ለልጅሽ አልነገርሻትም?»

«ለምን ትቁነጠነጫለሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። ጎረቤቴ ከግብር ተደብቆ ምድር ቤት ተቀምጧል፣ እኔም ዕቃዬ ተመዝግቧል ማለት አፈርኩ። አንድ ቃል ነበር። ዓርብ ጠዋት ስከፍተው ቀዝቅዟል። መልሼ ቀረቀርኩበት። ያንንም አፍሬ ነው።»

ፔምብሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ጉዳዩ ግልጽ ነው። በሩን የዘጋችው እሷ ናት። ሟቹም ለቅናሹ አላመለከተም። ድረ ገጻችን ላይ ተጽፏል።»

«ኮምፒውተር አልነበረውም።»

«ቤተ መጻሕፍት ሄዶ መጠቀም ይችላል።»

«አምና የዘጋችሁትን ነው?» አለ ዳረን።

ሂልዳ ፖስታውን ለጀኒስ ሰጠቻት። ጀኒስ አነበበች። «አመሰገንኩ» የሚለው ላይ ስትደርስ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አስታውሰዋለሁ። ኮፍያውን አውልቆ ነበር ያናገረኝ» አለች። «ከራሴ አላመጣሁትም፣ ወይዘሮ ኦልድሮይድ። ወረቀት ተሰጥቶን ነው፤ ለጠየቀ ሁሉ ተጠቃሏል በሉ የሚል። በታኅሣሥ ስህተት መሆኑ ታወቀና አዲስ ወረቀት መጣ። ቀድሞ ለነገርናቸው ሰዎች እንጻፍላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩ።»

«ምን ተባልሽ?»

ጀኒስ ወደ አለቃዋ ዞረች። «ተመልሶ የመጣ ካለ ይነገረዋል አሉኝ። ዝም አልኩ። ደሞዜን እንዳላጣ ፈርቼ። በጥር ደግሞ ስማቸው ለአስፈጻሚው ሲላክ ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ይህ የውስጥ አሠራር ነው» አለ ፔምብሪ። «እዚህ የምወያይበት አይደለም።»

«ልክ ነዎት፤ እዚህ አይደለም» አለች ሂልዳ። ከቦርሳዋ የታጠፈ መጥሪያ አውጥታ ፊቱ አኖረችው። «ዶሪን ላደረገችው ነገ በችሎት ትመልሳለች፤ ዳረንም፣ ጀኒስም። ሦስቱም አፍረዋል፤ አይቻቸዋለሁ። በዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ያላፈረ አንድ ሰው ነው ያለው።»

ፔምብሪ መጥሪያውን አልነካውም። «በጽሑፍ ብመልስስ?»

«አይሆንም። ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በሩ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሁሉ ይገባል። ቆመው፣ ስምዎን ተናግረው፣ በአፍዎ ይመልሱ። ስህተቱን በታኅሣሥ ካወቁ በጥር ለምን አስፈጻሚ ላኩባቸው? ለስንት ቤት? አሁን መብራት አጥፍተው የተቀመጡት እነማን ናቸው?»