ያልጮኸው ደወል

ትንሣኤ የአያቷን ክፍል በር ስትከፍት አልጋው ባዶ ነበር። አቶ በርናባስ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ወለሉ ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ዓይናቸው ተከፍቷል። በደህናው እጃቸው የደወሉን መጫኛ ጨብጠዋል፤ አውራ ጣታቸው መጫኛውን ይጫናል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይጫናል።

ከማድ ቤቱ ምንም ድምፅ አልተሰማም።

ጮክ ብላ እናቷን ጠራች። እናቷ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተነከረ ሮጣ መጣች፤ ሁለቱ ተጋግዘው አልጋው ላይ አወጧቸው። አልተሰበሩም፤ እግራቸው ግን እንደ ሲሚንቶው ወለል በርዶ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደቆዩ መናገር አይችሉም። አምና ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸውም አንደበታቸውም አይታዘዛቸውም።

ደወሉን የሠራችው ትንሣኤ ናት። ከሁለት ወር በፊት፣ በትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ አብሯት ከሚሠራው ከከድር ጋር ሆና ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች ያለ ሽቦ እንዲነጋገሩ አደረገች። መጫኛ ያለው አንዱ በሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ሆኖ ከአያቷ ትራስ አጠገብ ተቀመጠ፣ ሌላው ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ። እዚያ ሲጫኑት እዚህ ይጮኻል። ከዚያ ወዲህ እናቷ በየዐሥር ደቂቃው ብቅ እያለች ማየቱን ተወችው።

ያን ዕለት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ዲላ ለሚኖሩት ወንድሟ ስትደውል ትንሣኤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሰማች።

«መጫኛውን ይዘውት እንኳ መጫን ረሱ» አለች እናቷ። «አእምሯቸውም እየደከመ ነው። ብቻዬን አልቻልኩም፤ ነገ መጥተህ ውሰዳቸው።»

አልረሱም። አያቷ ሲጫኑ ትንሣኤ በዓይኗ አይታለች። ግን ይህን ካለች የሚቀጥለው ጥያቄ ደወሉ ለምን አልጮኸም የሚል ነው፤ መልሱን ደግሞ ሳትፈልግ ታውቀዋለች። ረቡዕ ባትሪ ስትቀይር ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አቀያይራ አገናኝታቸው ነበር። ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት፤ ነቅላ አስተካከለች፤ አንዴ ሲጮህላት ክዳኑን ገጥማ ወጣች። ለማንም አልተናገረችም።

ቅዳሜ ጠዋት ትንሣኤ የጠራችው ከድር የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን ይዞ ከሰፈሩ ከአዲስ ከተማ መጣ። የረቡዑን ነገር ስትነግረው የሳሙና ማስቀመጫውን ፈታ። ባትሪውን ለካ፤ ሙሉ ነው። የማድ ቤቱን ቦርድ ፈተሸ፤ ጤነኛ ነው። ከዚያ መጫኛውን እንድትጫን ነገራት። አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ቦርዱ መልእክት ሊልክ ሲል ደግሞ ወዲያው ጠፋች። ዐሥር ጊዜ ሞከሩ። የጮኸው አንዴ ነው።

«እቺን ንኪ» አላት፣ ለቦርዱ ኃይል የምትመጥነውን ትንሽ ጥቁር ክፍል እያሳየ።

ነካችና ጣቷን ሰበሰበች። ታቃጥላለች።

«ረቡዕ የተጎዳችው እሷ ናት። መብራቷን ለማብራት አቅም አላት፤ መልእክቱን የሚልከው ሬዲዮ ሲነሳ ግን አትችለውም።»

ትንሣኤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ እያለች ትቆጥር ነበር። አያቷ በእነዚያ ቀናት ውሃ ፈልገው ስንት ጊዜ ተጭነው ይሆን? ማንም እንደማይመጣ ሲያዩ ምን አስበው ይሆን?

ከድር ከክበቡ ያመጣውን ትርፍ ቦርድ አውጥቶ ፕሮግራሙን ጫነበት። ዐሥር ጊዜ ተጫኑ፤ ዐሥሩንም ጮኸ።

«በቃ፣ ሠርቷል» አለ። «ነገር አታካብጂ። ቦርድ እኮ ይበላሻል፤ ማንም አይጠይቅሽም።»

እውነቱን ነው፤ ማንም አይጠይቃትም። ለአፍታ ያህል ደረቷ ቀለል አላት። ወዲያው ግን በር ላይ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። አጎቷ ጋሼ ዓይናለም ከዲላ ደርሰዋል።

ትንሣኤ የተቃጠለውን ቦርድ ይዛ ወደ አያቷ ክፍል ገባች። እናቷ ሸሚዞቻቸውን እያጣጠፈች ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። አቶ በርናባስ ዓይናቸውን ከቦርሳው ላይ አልነቀሉም።

«እማዬ፣ አባባ አልረሱም» አለች። ቦርዱን ዘረጋችላት። «ተጭነው ነበር። ደወሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

የረቡዑን ስህተት፣ ሽታውን፣ ዝም ማለቷን ተናገረች። እናቷ ሸሚዙን እንደያዘች አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ ሲጠሩኝ ነበር?»

አያቷ አዎ ለማለት ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ትራሱ ላይ ወረደ። እናቷ ወደ ትንሣኤ ሳትዞር ሸሚዙን ወደ ቁምሳጥኑ መለሰችው።

ጋሼ ዓይናለም የመኪናቸውን ቁልፍ እንደያዙ ገቡና ዕቃው ተዘጋጅቶ እንደሆነ ጠየቁ። እናቷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ትንሣኤ ቀደመቻት።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ» አለች፣ ወንበሩን ወደ እሳቸው እየሳበች። «ከረቡዕ ልጀምርልዎት።»