ከሃያ ዓመት በኋላ የተከፈተው ፒያኖ

ሟቿ ከፒያኖው ሥር ተዘርግታለች፤ የታነቀችው በራሷ ሻርፕ ነው። ሐኪሙ «ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ጠዋት» አለና ከዚያ በላይ አላጠበበውም። ባልየው ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ሥራው ወጥቷል። አራት ሰዓት ሲሆን በራሷ ቁልፍ ከፍታ የገባችው ታናሽ እህትየዋ ነች። አሁን እጇ ላይ ካቴና አለ።

«ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ» ትላለች። «እህቴን ምን ብዬ እገድላለሁ?»

መርማሪው ጎረቤትየውን፣ ጡረተኛውን መምህር፣ ወደ ኮሪደሩ ይዞ ወጣ።

«ሟቿ ስትጫወት ሰምቻለሁ ብለዋል።»

«ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሩብ ጉዳይ። ግድግዳው ወረቀት ነው። ሃያ ዓመት ትታው ከርማ መልሳ ከጀመረች ሦስት ወሯ፤ ሁልጊዜ ያው ዜማ፣ ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ ስትደናቀፍ። ጨጓራዬን ላጠችው። ዛሬ ግን ያንንም ሌላውንም ዝንፍ ሳይልባት ተጫወተችው። እሰይ የኔ ልጅ ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ።»

መርማሪው ተመልሶ ፒያኖው ፊት ተቀመጠ። ስለ ሙዚቃ የሚያውቀው ነገር የለም። በአንድ ጣቱ ቁልፎቹን ተራ በተራ ሲጫን መሃል ላይ አንደኛው ዝም አለ። የፒያኖ ቃኚውን አስጠራ።

«የዚህን ቁልፍ ክር የምትመታውን መዶሻ ትናንት ለጥገና የወሰድኳት እኔ ነኝ» አለ ቃኚው፤ በጨርቅ የጠቀለላትን ትንሽ እንጨት አሳየ። «እስከ ነገ ታገሺ ስላት አለቀሰች። ቅዳሜ ሰው ፊት ልትጫወት ነበር።»

መርማሪው አራቱንም ሳሎን ሰበሰበ።

«ይህ ፒያኖ ከትናንት ጀምሮ ዜማ ሙሉ አይወጣውም። ጎረቤታችን ግን ሙሉውን ሰምተዋል። ስለዚህ የሰሙት ፒያኖ አልነበረም።» ከመደርደሪያው አሮጌ ቴፕ አወረደ። ካሴቱ አልቆ በራሱ ቆሟል፤ ላዩ ላይ የሟቿ ስም ተጽፏል፤ ቀኑ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። «አንዱ ገጽ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ሴትዮዋ በሕይወት ያለች መምሰሏ ለማን ይጠቅማል? ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ለገባችው አይጠቅምም። ሲጀምር ለወጣው ነው።»

ሁሉም ወደ ባልየው ዞሩ። አልካደም።

«ፒያኖውን የተወችው ለኔ ስትል ነበር» አለ። «መልሳ ስትጀምር እኔን ልትተወኝ እንደሆነ ገባኝ።»

እህትየዋ ካቴናው የወጣለትን እጇን እያሻሸች ቆመች። «አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ሰምተሃት ቢሆን እየተደናቀፈች እንደምትጫወት ታውቅ ነበር፤ ይህን ካሴትም አትከፍተውም ነበር። ዛሬ የምታሰረውም እኔ ነበርኩ።»

«ና ስማኝ ትለኝ ነበር» አለ ባልየው። «በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ስትችዪበት እሰማሻለሁ እላት ነበር።»