የሃያ ቀን ፊርማ

ያለምወርቅ ገመዱን ገና እንደያዘች ነበር አሠልጣኙ ጋሽ ሙሉሰው «በቃ፣ አቁሚ። አላለፍሽም» ያላት። የሚቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ያ ፈገግታዋ ትዝ ባላት ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ፈተናው የረዳት አሠልጣኝነት ነበር። ከደብረ ማርቆስ የመጡ አምስት ልጆች ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለ ገደል ሥር ሦስት ወር ሙሉ አለት መውጣት ሲማሩ ቆይተዋል። ሰርተፍኬት የሚሰጠው ለሦስት ልጆች ብቻ ነው፤ እነሱም ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ገመድ እየያዙ ያወጣሉ። ገደሉን ከአምስቱም ፈጥና የምትወጣው ያለምወርቅ ናት፤ ይህን ጋሽ ሙሉሰውም አይክድም። እሷን የጣላት አለቱ አይደለም፣ ጨዋነቷ ነው።

ለፈተናው ተማሪ ሆነው ገመድ የታሰሩት መምህር ወልደ ገብርኤል ነበሩ። እናቷን ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ሁሉ የሚነሣላቸው ሰው ናቸው። ደንቡ ግልጽ ነው። ማንም ከመሬት ከመነሣቱ በፊት፣ ገመድ የሚይዝለት ሰው የወገብ ቀበቶውን ዘለበት በእጁ ስቦ፣ ቋጠሮውንም አገላብጦ ያያል። ያለምወርቅ ግን አንድ አዛውንት ወገብ ላይ እጇን ሰድዳ ቀበቶ መጎተት አልሆነላትም። ራቅ ብላ ቆማ «አጥብቀውታል አይደል፣ መምህር?» አለች። «አጥብቄዋለሁ፣ ልጄ» አሏት። አመነቻቸው። ለካ ዘለበቱ ተፈትቶ ኖሯል፣ ያውም በጋሽ ሙሉሰው ትእዛዝ።

ምን የሚሉት ፈተና ነው? ትልቅ ሰው አምጥቶ ውሸት ማናገር! ከሕፃንነቷ ጀምሮ የትልቅ ሰው ቃል አትጠራጠሪ ሲሏት ኖሩ፣ ዛሬ ደግሞ ለምን አልተጠራጠርሽም ብለው ጣሏት። መምህር ይቅርታ ሊሏት ሲጠጉ አንገቷን ደፍታ አለፈቻቸው። ጋሽ ሙሉሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ መፈተን እንደምትችል በለሰለሰ ድምፅ ሲነግራት ጭራሽ ባሰባት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ሉማሜ ሻይ ቤት ስትገባ ከአምስቱ ተፈታኞች አንዷን፣ ሂዊን፣ ጥግ ላይ አገኘቻት። ሂዊ ጠዋት መጀመሪያ ተፈትና ወድቃ፣ ፊቷን ለማንም ላለማሳየት እዚህ ተደብቃ ነው የዋለችው። ያለምወርቅ ዘለበት ጣለኝ ስትላት ሂዊ ብርጭቆዋን አስቀምጣ አፍጥጣ አየቻት።

«የሺዋስ አልነገረሽም? ስወጣ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ለያለም ንገራት ብዬዋለሁ።»

ያለምወርቅ ቆሽቷ አረረ። የሺዋስ የገመድ ጓደኛዋ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ሲወጡም ሲወርዱም አብረው ናቸው። ከእሷ ቀድሞ ተፈትኖ፣ አልፎ ሲመለስ ምን እንደጠየቁት ጠይቃው ነበር። ተራ ነገር ነው፣ ቋጠሮ ብቻ ነው፣ አታካብጂ ብሏት ነበር።

እሱም ብዙ አልቆየም። ፊቱ ፈክቶ ገባና የልምምድ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ሰርተፍኬቱ የሚሰጠው በፈተና ብቻ አይደለም። የተፈታኙ የገመድ ጓደኛ ለሃያ ቀን ልምምድ፣ ለእያንዳንዱ ቀን «ቀበቶዬን መርምሯል፣ ገመዴን ይዟል» ብሎ መፈረም አለበት። የሺዋስ የእሷን ደብተር ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቤት ዳቦ እየገመጠ ሃያውንም በአንድ ቁጭታ ፈርሞላታል። ዛሬ ተራው የእሷ ነው።

«ሂዊ ነግራህ ነበር?» አለችው።

የሺዋስ ሂዊን ገልመጥ አደረገ። መጀመሪያ ላይ፣ ፈተና ስለሆነ ነው፣ ብነግርሽ ማጭበርበር ነው አለ። አንተ ስትሰማውስ ምን ነበር ስትለው እውነቱ ወጣ። ቦታው ሦስት ብቻ ነው፣ እሷ ደግሞ ሁሌም ትበልጠዋለች። አንድ ቀን እንኳ ልቅደማት ብሎ ነው።

«የመምህርን ዘለበት በእጅህ ሳብከው?»

«ነውር አይደል እንዴ? ጎንበስ ብዬ ያየሁ መሰልኩና ተፈትቷል አልኩ።»

ያለምወርቅ ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ አታስታውሰውም። ውሸታም ማለቷን፣ ከሃዲ ማለቷን፣ የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ ማየቱን ታስታውሳለች። ሂዊ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። የሺዋስ ጆሮው ቀልቶ፣ ባትፈርም ሰው ሁሉ ቀንታ ነው እንደሚላት ነገራት።

ያለምወርቅ እስኪርቢቶውን አነሣች። የመጀመሪያውን ቀን ፈረመች። ያን ቀን ጋሽ ሙሉሰው አጠገባቸው ቆሞ ስለነበር የሺዋስ ዘለበቷን ስቧል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ፈረመች። አራተኛው ላይ እጇ ቆመ። አራተኛው ቀን «ጠበቀ?» አላት፣ «ጠበቀ» አለችው፣ ወጣች። አምስተኛውም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ያሉትም ቀኖች ሁሉ እንደዚያው ነበሩ።

እሷስ የእሱን ስባው ታውቃለች?

አሁንም ተናድዳለች፤ ግን ንዴቷን በእሱ ላይ ብቻ ማራገፍ አቃታት። ሃያ ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ «ጠበቀ» ተንጠልጥለው ኖረዋል፣ ሁለቱም። ደብተሩን በሦስት ፊርማ መለሰችለት። ከዚያ የራሷን ከቦርሳዋ አወጣችና ከአራተኛው መስመር ጀምራ የእሱን ፊርማዎች አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። አሥራ ሰባት ናቸው። ልምምዱ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ እንደገና ለማሟላት ከሁለት ወር በላይ ይፈጅባታል ማለት ነው።

«አበድሽ?» አለ የሺዋስ። «ድጋሚ ፈተናሽ እኮ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔስ? ቅዳሜ ልጆቹ ይመጣሉ።»

ደብተሯን ዘጋች፣ የሻዩን ከፈለች፣ ቦርሳዋን አነገተች። ሂዊን ነገ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገደሉ ጋ ትመጣ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ሂዊም እሺ አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ የሺዋስ ዞረች።

«አንተም ከመጣህ ቀበቶህን በእጄ ነው የምስበው» አለችው። «አንተም የእኔን ትስባለህ።»

የሺዋስ ቀና አላለም። ሦስቱን ፊርማዎች እያየ ነበር። እሷ ወደ ማርቆስ የሚሄድ ሚኒባስ ለመያዝ መንገዱን ተሻገረች።