ካርታው ላይ የተጻፈው «ገና»

ቆፋሪ ማሽኖቹ «ዛሬ ገና ነው» ብለው መብራት ሰቅለው ተቀመጡ። ማርስ ላይ፣ ቀይ አምባ ከተማ ውስጥ ማሽን በዓል ማክበሩ ብርቅ አይደለም፤ ሕጉ ለእነሱም ዕረፍት ይሰጣል። ጉዱ ቀኑ ሐምሌ አሥራ ሁለት መሆኑ ነው።

«ስንቅነሽ፣ ምን ጽፈሽ ነው?» አሉ አለቃዋ ጋሽ ዘርጋው በሬዲዮ።

«ምንም! ያልተቆፈረው ቦታ ላይ ምልክት ተክዬ "ገና" አልኩ።»

«ወይ አንቺ ልጅ! ከትናንት ጀምሮ እኮ ማስታወሻውን ማሽኖቹም ያነቡታል!»

ስንቅነሽ ቀያሽ ናት። እጇ ላይ ያለው «መገኛ አወቅ» ይባላል፤ የቆሙበትን ነጥብ ራሱ የሚያሳይ የካርታ ገጽ ነው። ርቀት ይለኩበታል፣ መስመር ያሰምሩበታል፣ ምልክት ይተክሉበታል። ታዲያ ምልክቱ የሚነሳው ቦታው ድረስ ሄዶ በቆመ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ቢሮ ተቀምጦ የሰው ልፋት የሚሰርዝ እንዳይኖር።

ሰባት «ገና» ተክላለች። ወደ ክሊኒኩ የሚሄደው የውኃ ቧንቧ ሰማንያ ሜትር ቁፋሮ ቀርቶታል፣ የክሊኒኩ ጋን ውኃ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል። እዚያ ውስጥ ታናሽ እህቷ አስካለ ምጥ ይዟታል። ስንቅነሽ የአየር ልብሷን አጥልቃ ጋሪዋን አስነስታ በረረች።

አንዱን ነቀለች፣ ሁለተኛውን ነቀለች። ሦስተኛው ገደል አፋፍ ላይ ነበር፤ ጠዋት እዚህ ምን እንዳወጣት ራሷን እየረገመች ወጣች። ሰባተኛውን ስታነሳ ቆፋሪዎቹ መብራታቸውን አውርደው ብድግ አሉ።

«እልል!» አለች።

በዚያው ቅጽበት ጋሽ ዘርጋው በሬዲዮ መጡ። «እህ፣ ጨረስሽ ወይስ ገና ነው?»

«ሰማችሁ? ገና ነው!» አለ ትልቁ ቆፋሪ። ሁሉም ቁጭ።

«ጋሼ! በፈጠረዎት ያቺን ቃል አይጥሯት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ለቆፋሪው ረጋ ብላ አስረዳችው። «ስማኝ የኔ ጌታ፣ ቃሉ ሁለት ነው። አንዱ በዓል ነው፣ አንዱ "አላለቀም" ማለት ነው። ይኼ አላለቀም ነው።»

«አንድ ቃል ለሁለቱም? እናንተ ሰዎች ቃል ተወዶባችሁ ነው?» አለና መቆፈር ጀመረ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ውኃው ክሊኒኩ ገባ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አስካለ ሴት ልጅ ተገላገለች። ስንቅነሽ ሕፃኗን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ስትቆም ትልቁ ቆፋሪ ውጪ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ይቺ ሰው ተሠርታ አለቀች?» ሲል በሬዲዮ ጠየቀ።

«ኧረ ገና ናት!» አለች ስንቅነሽ እየሳቀች።

ቆፋሪው አንገቱን ይበልጥ አሰገገ። «የቱ ገና? በዓሉ ነው ወይስ አላለቀም?»

ስንቅነሽ ሕፃኗን አየች። አልጋው ላይ እያለቀሰች የምትስቀውን እህቷን አየች። በስልሳ ዓመታቸው ዛሬም አፋቸውን መያዝ ያልተማሩት ጋሽ ዘርጋው በር ላይ ቆመው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ሁለቱም» አለችው።

ልጅቷ ገናነሽ ተባለች። ስንቅነሽ ካርታዋን ዘርግታ ክሊኒኩ ላይ ስምንተኛ ምልክት ተከለች፤ «ገና» ብላም ጻፈችበት። ቆፋሪዎቹ ሳይጠይቁ መብራታቸውን መልሰው ሰቀሉ።