የዳምጠው ድምፅ

«ቆይ፣ ይቺን ስሚማ» አለች ፍሬ፣ ትራሙ ውስጥ ስልኳን የክፍል ጓደኛዋ ሶሊያና ጆሮ ላይ ለጥፋ።

ከተቀዳው የድምፅ መልእክት መጀመሪያ የብረት ሲጥሲጥታ ተሰማ፤ ቀጥሎ የፍሬ አባት የጋሽ ተሻገር ድምፅ። «ልጄ፣ ያንን ትልቅ የቴኒስ ውድድር ያስጀመረው ጎበዝ ተጫዋች እንዳይመስልሽ። የተሰበረ ዳምጠው ነው!» ሳቃቸው ተከተለ።

ሶሊያና ጆሮዋን ከስልኩ አራቀች። ጋሽ ተሻገር ከሞቱ ዛሬ አራት ቀናቸው።

ልጃቸው አታውቅም። እሳቸው አዲስ አበባ ተቀብረዋል፤ እዚህ ጄኔቭ ግን ፍሬን የምታኖራት አክስቷ እትዬ የሻረግና ሽማግሌዎቹ «ነገ ኤክስፖዜዋን፣ ያንን የክፍል ገለጻዋን ታቅርብ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን» ብለው ቆርጠዋል። ሶሊያና ይህን የሰማችው እናቷ በስልክ ስታንሾካሹክ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሏታል።

ፍሬ ወረቀቷን ዘረጋች። «በፈረንጅ 1877፣ ዊምብልደን ያለ አንድ ክለብ ሣሩን የሚደለድልበት፣ ድንክ ፈረስ የሚጎትተው ዳምጠው ተሰበረበት። ማሠሪያ ብር ለማግኘት ውድድር አዘጋጀ። ያሸነፈው ሰውዬ ራሱ በኋላ ‹ይሄ ጨዋታ የትም አይደርስም› ብሎ ጻፈልሽ። ፋራ!» ሳቀች። «አባዬ ደግሞ ‹የእኛ ክለብ ድንክ ፈረስ እኔ ነኝ› ይላል። ሃያ ዓመት የቴኒስ ሜዳ ደልድሏላ! ነገ ድምፁን ለክፍሉ አሰማቸዋለሁ።»

ሶሊያና ነገን አየችው፦ ክፍሉ በሟች ድምፅ ሲስቅ፣ እሷ ደግሞ እያወቀች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ።

«ግን ከሰኞ ጀምሮ መልእክቴ አልደረሰውም» አለች ፍሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አክስቴ ስልኩ ተበላሽቶ ነው ትላለች። ደግሞ እንደ እንግዳ ትንከባከበኛለች፤ ሳህን እንኳ አታሳጥበኝም። ሶሊ፣ የሰማሽው ነገር አለ?»

«ኖን»፣ የለም፣ የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሳ ነበር። ትራሙ ኩርባውን ሲዞር ሐዲዱ ሲጥ አለ፣ ልክ እንደ ዳምጠው። ቃሏን መልሳ ዋጠቻት።

መርዶ ትራም ውስጥ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ ተዘጋጅቶ ነው፤ ጄኔቭ የተወለደችው ሶሊያናም ይህን አታጣውም። ስልኳን አውጥታ ለፍሬ አክስት ጻፈች፦ «እትዬ የሻረግ፣ ጠይቃኛለች። መዋሸት አልቻልኩም። ይዣት እየመጣሁ ነው፤ ቅዳሜን አይጠብቁ፣ ሰዎቹን አሁኑኑ ይጥሩ።»

«ቤት ልሸኝሽ» አለቻት።

«ያንቺ ሰፈር እኮ በዚያ በኩል...» ፍሬ አልጨረሰችውም። ሶሊያናን ትክ ብላ አየቻት። ወረቀቷን ቀስ ብላ አጠፈች፣ እንደገና አጠፈች።

ፍሬ ሰፈር፣ ቶኔ ሲደርሱ ሶሊያና የፍሬን ቦርሳ ከትከሻዋ ወስዳ አነገተች። በሌላ እጇ ክንዷን ያዘች።